ጭስ ሳያበዙ መጓዝ፦ ለአዲስ አበባ ነዋሪና ከከተማ ለሚወጣ መንገደኛ

ይህ መመሪያ በአዲስ አበባ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለገበያ በየቀኑ ለሚመላለስ፣ አልፎ አልፎም ወደ አዳማ፣ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ለሚወጣ ሰው የተዘጋጀ ነው። መኪና ያለውም የሌለውም ይጠቀምበታል። ሥራው አንድ ነው፦ በእያንዳንዱ ጉዞ ለአንድ ሰው ስንት ሊትር ነዳጅ እንደሚቃጠል ማወቅና ያንን መቀነስ። መኪናው አዲስ ነው ወይስ አሮጌ፣ ትልቅ ነው ወይስ ትንሽ የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው በውስጡ ስንት ሰው ተቀምጧል የሚለው ነው።

ደረጃ 1፦ የሳምንቱን ጉዞ ይመዝግቡ

አንድ ተራ ሳምንት ይምረጡ፤ በዓል ወይም ለቅሶ ያለበት አይሁን። ለእያንዳንዱ ጉዞ አምስት ነገር ይጻፉ፦ ከየት ወደ የት፣ ስንት ኪሎ ሜትር (የስልክ ካርታ ይነግራል)፣ በስንት ሰዓት፣ በምን፣ ከስንት ሰው ጋር። ባዶ መመለስም ጉዞ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ባዶውን ወደ ቤት የሚመለስ መኪና ጠዋትና ማታ ተደምሮ በቀን አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ ብዙ ቤተሰብ ግን ሁለቱን ብቻ ይቆጥራል። አብዛኛው ነዳጅ የሚያልቀው በአንድ ወይም በሁለት ተደጋጋሚ ጉዞ ስለሆነ፣ ሁሉን ነገር ለመለወጥ ከመነሳት በፊት እነዚያን ማግኘት ይቀድማል።

ደረጃ 2፦ ጭሱን ለወንበሩ ያካፍሉ

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከአንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል። ሊትሩ ራሱ ኪሎ የማይሞላ ሆኖ ሳለ ጋዙ የሚበልጠው፣ በነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየር ኦክሲጅን ወስዶ ስለሚጣመር ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ጉዞው የፈጀው ሊትር በ2.3 (ለናፍጣ በ2.7) ይባዛል፣ በተሳፋሪው ቁጥር ይካፈላል።

መኪናዎ ስንት እንደሚበላ ለማወቅ፣ ማደያ ላይ ፓምፑ ራሱ እስኪዘጋ ያስሞሉና ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይጻፉ። ቢያንስ 200 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና ፓምፑ እስኪዘጋ ያስሞሉ። ሁለተኛ ጊዜ የገባውን ሊትር ለተነዳው ኪሎ ሜትር አካፍለው በ100 ማባዛት ነው። ፓምፑ ከዘጋ በኋላ እያንጠባጠቡ መጨመር ልኬቱን ያበላሻል፤ ነዳጅም ያፈስሳል።

ለ10 ኪሎ ሜትር ጉዞ የተለመዱትን እናስላ። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን የምትበላ አሮጌ ኮሮላ አንድ ሰው ብቻ ይዛ ስትሄድ 2.3 ኪሎ ግራም ታወጣለች። በዚያችው ኮሮላ አራት ሰው ከሄደ ለአንዱ ከ0.6 ኪሎ ግራም በታች ይደርሰዋል። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ናፍጣ የሚበላ ሚኒባስ 12 ሰው ይዞ ከሄደ ለአንድ ሰው 0.27 ነው። 40 ሊትር የሚበላ የከተማ አውቶቡስ 60 ሰው ከያዘ 0.18 ይሆናል። ያው አውቶቡስ አሥር ሰው ብቻ ይዞ ቢሄድ ግን ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ነው፤ አራት ሰው ከያዘችው ኮሮላ ይብሳል ማለት ነው። በስልክ የሚጠራ ታክሲም እርስዎ ጋ ለመድረስ 3 ኪሎ ሜትር ባዶውን ከመጣ፣ የ10 ኪሎ ሜትሩ ጉዞ በሒሳብ 13 ነው።

መጨናነቅም ይቆጠራል። ቆሞ የሚሠራ የቤት መኪና ሞተር በሰዓት ከ0.6 እስከ 1 ሊትር ያቃጥላል። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ላይ በቀን ግማሽ ሰዓት የሚቆም ሰው አንድም ሜትር ሳይጓዝ በወር ከስምንት ሊትር በላይ ሊያቃጥል ይችላል።

የኤሌክትሪክ ጉዞ ለብቻው ይሰላል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃና ከነፋስ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ እዚህ ባቡርም ሆነ የኤሌክትሪክ መኪና በጉዞ ላይ የሚያስከትለው ልቀት እጅግ ትንሽ ነው፤ ኃይሉን በብዛት ከድንጋይ ከሰል በሚያመነጭ አገር ያው መኪና ይህን ጥቅም አያገኝም። መኪናውና ባትሪው ሲመረቱ የወጣው ጭስ ግን ይቀራል። አንድ ሰው ብቻውን የሚነዳት የኤሌክትሪክ መኪናም መንገዱን የምትይዘው እንደ ቤንዚኗ ነው።

ደረጃ 3፦ እስከ 2 ኪሎ ሜትር በእግር

ይህ 25 ወይም 30 ደቂቃ ነው። አጭር የመኪና ጉዞ ከርዝመቱ በላይ ያጨሳል፦ ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ነዳጅ ይጠጣል፣ ጭስ አጣሪው ካታሊስትም እስኪግል ድረስ አይሠራም። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማት በተሠሩት መንገዶች፣ ለምሳሌ ከፒያሳ በአራት ኪሎ ወደ ቦሌ በሚወስደው መስመር፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፊና መብራት ያለው ስለሆነ ለማታም ይመቻል። አቋራጩን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ለቀን ይተዉት።

ደረጃ 4፦ ከ2 እስከ 8 ኪሎ ሜትር በብስክሌት

አዲስ አበባ ለብስክሌት አስቸጋሪ የምትባለው በዳገቷ ነው፤ እውነትም ከሽሮ ሜዳ እስከ ቃሊቲ ድረስ መሬቱ 400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ዳገቱ ግን በሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ ነው የሚከብደው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ፣ ከቦሌ ወደ ሜክሲኮ ያለው በአመዛኙ ቀላል ነው። መንገድዎን ሲያወጡ ይህንን ይጠቀሙበት፦ ጥቂት ዞሮ ዳገቱን በዝግታ መውጣት ቀጥ ብሎ ከመውጣት ይሻላል። ጠዋት ቁልቁል፣ ማታ ሽቅብ የሚሆንበት ሰው ዕድለኛ ነው፤ ቢሮ በላብ አይገባም።

ሲገዙ ቀለሙን ሳይሆን የማርሹን ጥርስ ይቁጠሩ። ለዚህ ከተማ የፊቱ ትንሹ ማርሽ ከ28 ጥርስ ያልበለጠ፣ የኋላው ትልቁ ደግሞ 32 ወይም 34 ጥርስ ያለው ይሁን። ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ሜዳ ነው እንጂ ለአዲስ አበባ አይሆንም። ቫልቩ እንደ መኪና ጎማ ቫልቭ ወፍራሙ ዓይነት ቢሆን ማንኛውም ጎሚስታ ይነፋልዎታል፤ ቀጭኑ ዓይነት ማገናኛ ይፈልጋል።

ጎሚስታ ጋ አንድ አደጋ አለ። የመኪና ጎማ የሚነፋበት ኮምፕሬሰር ግፊቱ ከባድ፣ የብስክሌት ከመነዳሪ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ይፈነዳል። ጥቂት በጥቂት እንዲሰጥዎ ይንገሩት፣ በየመሀሉ ጎማውን በአውራ ጣት እየተጫኑ ይፈትሹ። ሁለት ኢንች ስፋት ላለው ጎማና 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ35 እስከ 45 ፒ.ኤስ.አይ. (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃል። ከዚያ ካነሰ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ከመነዳሪው በቸርኬው ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣዋል። ሁለት ቀዳዳ ባዩ ጊዜ ሚስማር ፍለጋ አይድከሙ፤ ጥፋቱ የነፋስ ማነስ ነው።

ፍሬኑን በየሳምንቱ ይመልከቱ። አብዛኛው የፍሬን ጎማ ላይ የተቦረቦሩ መስመሮች አሉ፤ መስመሮቹ ሲጠፉ ይቀየራል። ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ይውረዱ። አንዱን ብቻ ጨብጦ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፣ የፊቱን በድንገት መጨበጥ ደግሞ ይገለብጣል። በክረምት ቸርኬው ውኃ ስለሚይዝ ፍሬኑ ዘግይቶ ነው የሚይዘው፤ ከመቆሚያዎ ራቅ ብለው ቀለል አድርገው ጨበጥ በማድረግ ውኃውን ይጥረጉትና ከዚያ አጥብቀው ይያዙ። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለ ፓራፋንጎ መንዳት ልብስንም ሰንሰለትንም በጭቃ ይጨርሳል። ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠርጎ ቀጭን ዘይት ጠብ ማድረግና ትርፉን መጥረግ ይበቃል። ግሪስ አይቀቡ፤ አቧራ ሰብስቦ ጥርሱን ይበላዋል።

የብስክሌት መስመር የተሠራላቸው መንገዶች እየበዙ ነው፤ መስመሩ በሚቋረጥበት መስቀለኛ ላይ ግን ከብስክሌት ወርዶ እንደ እግረኛ መሻገር ከሁሉ ይሻላል። ሄልሜትና የኋላ ቀይ መብራት ሳይኖርዎት አይውጡ።

ደረጃ 5፦ ከዚያ በላይ ለሆነው ባቡር፣ አውቶቡስ፣ ታክሲ

ቀላል ባቡሩ ከመስከረም 2008 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ይሠራል። አንዱ መስመር ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከፒያሳ አቅጣጫ ወደ ቃሊቲ ነው። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ጊዜ ይቆጥባል፦ ከመገናኛ ወደ ሳሪስ የሚሄድ ስታዲየም ላይ ወርዶ የቃሊቲውን ይይዛል፤ ከመገናኛ ወደ አውቶቡስ ተራ የሚሄድ ደግሞ ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት ጣቢያዎች በአንዱ መቀየር ይችላል። ሰው የሚቀንስበትን ጣቢያ ይምረጡ። ባቡር ሲመጣ ፊቱ ላይ የተጻፈውን መድረሻ ሳያነቡ አይግቡ፤ በጋራ ሐዲዱ ላይ ሁለቱም በአንድ መድረክ ይቆማሉ።

አገልግሎቱ ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ቆመው ስለቆዩ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መሳፈር ከባድ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ከሦስት ሰዓት በኋላ መጓዝ የሚችል ሰው ልዩነቱን ያየዋል። አሠሪዎ የመግቢያ ሰዓት እንዲያስተካክልልዎ መጠየቅ እዚህ ላይ ከማንኛውም ቴክኖሎጂ በላይ ይጠቅማል። ቦርሳዎን ከፊት ይያዙ።

ባቡር የማይደርስበት ቦታ የከተማ አውቶቡስ ይቀድማል፣ ከዚያ ሚኒባስ። የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችና ሚኒባሶችም መስመር ላይ መታየት ስለጀመሩ ሁለቱ ጎን ለጎን ከቆሙ የኤሌክትሪኩን ይምረጡ። ብዙ ሰው ኮንትራት የሚይዘው መንገዱ ሁለት ታክሲ ስለሚያስቀይረው ነው። ሁለተኛዋ ታክሲ የምትሄደው ከ2 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ ያንን በእግር ይተኩት፤ ሰልፉም ይቀራል። ኮንትራት ግድ ከሆነ ደግሞ ወደዚያው የሚሄዱ ሁለት ሦስት ሰዎች ተጠራርታችሁ ተሳፈሩ፤ ሒሳቡም ጭሱም ይካፈላል።

ደረጃ 6፦ ያለውን የነዳጅ መኪና ማስተካከል

በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። በካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር ለቆላ እንደተስተካከለ እዚህ ቢሠራ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መካኒኩ ካንዴላ ሲፈታ አጠገቡ ሆነው ጫፉን ይመልከቱ፦ ቀለል ያለ ቡና ዓይነት ቀለም ካለው ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም የአየር ፊልትሮው ታፍኗል። ጥቁርና የሚያረጥብ ዘይት ካለበት የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) አልቋል ማለት ስለሆነ ካርቡሬተር መነካካት አይፈይድም።

በናፍጣ መኪና ላይ ጥቁር ጭስ ከአየር ፊልትሮ ወይም ናፍጣውን ከሚረጨው ኖዝል ይመጣል፤ ርካሹን አስቀድሞ መፈተሽ ነው፣ ፊልትሮውን። የጎማ ነፋስ በየሁለት ሳምንቱ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፤ ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚያቆም ሰልፍ ላይ ሞተር ያጥፉ። ይህ ሁሉ ቢደረግ የሚቆጠበው ግን ሁለት ጎረቤት በአንድ መኪና ሄደው ከሚቆጥቡት አይበልጥም። የመጀመሪያው ጥገና ባዶ ወንበሩን መሙላት ነው።

ደረጃ 7፦ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ

መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ ከውጭ የሚመጣው አዲስ መኪና የኤሌክትሪክ ሆኗል። ለከፍታችን ይስማማል፤ ሞተሩ አየር ስለማይፈልግ እንጦጦ ላይም ጉልበቱ አይቀንስም።

ከመግዛትዎ በፊት የመሙያ ሶኬቱን ዓይነት ይዩ። ከቻይና የሚመጡት የቻይናን ጂቢ/ቲ ደረጃ የሚከተሉ ናቸው፣ በአውሮፓ ደረጃ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 ናቸው። የቤትዎ ቻርጀርም ሆነ የሚሄዱበት ጣቢያ ከመኪናው ጋር ካልገጠመ ማገናኛ መግዛት ግድ ይሆናል።

ቤት ውስጥ ሲሞሉ በ10 አምፔር የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በሰዓት 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ለምትበላ ትንሽ መኪና አንድ ሌሊት ሙሉ ከሁለት ቀን በላይ የከተማ ጉዞ ይሸፍናል። ስለዚህ ብዙ ሰው ትልቅ ቻርጀር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ጥሩ መስመር ነው፦ ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ፣ የራሱ ብሬከር ያለው፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና ትክክለኛ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ)። ብዙ ቻርጀሮች ኧርዝ ካላገኙ ቀይ መብራት አብርተው እምቢ ይላሉ፤ ያንን ለማታለል ሽቦ ማገናኘት መኪናውን የነካውን ሰው ለኤሌክትሪክ ማጋለጥ ነው። የተጠቀለለ ማራዘሚያ ገመድ አይጠቀሙ፤ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ይቀልጣል። ከጀመሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅ ጀርባ ይንኩ፤ ካቃጠለ ያቋርጡና ኤሌክትሪሻን ይጥሩ።

የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ምጣድና ቻርጀር አብረው ሲሠሩ በብዙ ቤት ዋናው ብሬከር ይወድቃል፣ ወይም የቆየ ሽቦ ይግላል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መኪናው አይሞላ፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ እንዲጀምር በመኪናው ውስጥ ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል።

ደረጃ 8፦ ከከተማ ሲወጡ

በኤሌክትሪክ መኪና የሚወጣ ሰው ከፍታውን ያስላ። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ መሬቱ 700 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ይፈልጋል፤ ሲወርድ ደግሞ ከዚያ ከፊሉን መልሶ ወደ ባትሪ ያስገባል። ስለዚህ የሄዱበት ፍጆታ ለመመለሻ አይበቃም። ከመነሳትዎ በፊት ባትሪውን መቶ በመቶ አይሙሉት፤ የሞላ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኃይል መቀበል አይችልም፣ መኪናውም እንደለመዱት በራሱ ፍጥነቱን አይቀንስም። 90 በመቶ ይበቃል። ከሐዋሳ ሲመለሱ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው መኪና ሞጆን በ40 በመቶ ቢያልፍ በሰላም ይገባል። በፈጣን መንገዱ ላይ ከ100 ወደ 120 መጨመር የአየሩን ግፊት 44 በመቶ ያሳድገዋል፤ ባትሪው ያነሰበት ሰው መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንስ።

አሁን ድሬዳዋን እናወዳድር፤ መንገዱን 500 ኪሎ ሜትር እንያዝ። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር በምትበላ መኪና ብቻውን የሚነዳ ሰው 92 ኪሎ ግራም ያወጣል። ለአገር ውስጥ በረራ የሚያገለግለው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት አንድ ቶን ያህል ነዳጅ ሲያቃጥል፣ 78 ወንበሩ ከሞላ ለአንድ ሰው በሰዓት በረራ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። 45 ሰው የጫነ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር የሚበላ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ግን ለአንድ ሰው 9 ኪሎ ግራም ነው። ብቻውን የሚነዳው ሰው ከአውሮፕላኑም ይብሳል። ያው መኪና አራት ሰው ከያዘ 23 ይሆንና ከአውሮፕላኑ በታች ይወርዳል።

ከሁሉ የሚያንሰው ከ2010 ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጠው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ መስመሩ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ትኬት የሚገዛው መታወቂያ ይዞ ነው፤ ድንበር የሚሻገር ፓስፖርት ይይዛል። የመንገደኛ ባቡር በየቀኑ ላይኖር ስለሚችል የሚሄዱበትንም የሚመለሱበትንም ቀን አስቀድመው ጠይቀው ያረጋግጡ፤ ብዙ ሰው የመሄጃውን ብቻ ይዞ ለመመለሻ አውሮፕላን ይገዛል። ጣቢያዎቹ ከከተማ መሀል ራቅ ያሉ ናቸው። የአዲስ አበባው ጣቢያ ወዳለበት ፉሪ ለቡ ድረስ ቀላል ባቡሩ ስለማይደርስ፣ ከሜክሲኮ ወይም ከጀሞ አቅጣጫ ታክሲ ለመያዝ በማለዳ ይነሱ። አዳማና ድሬዳዋ ላይም ከጣቢያው ወደ ከተማ የሚያስገባዎትን ባጃጅ ከሌላ መንገደኛ ጋር ይጋሩ። ዋጋውን ግን ከመሳፈርዎ በፊት ይቁረጡ፤ ባቡር በገባ ሰዓት ባጃጁ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው።